የሾፌሩ ቀበቶ ልክ

ለወንድሜ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ እያንኮራፋ እንቅልፍ ይነሳኛል ያልከኝ የክፍል ጓደኛህ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? ትከሻህስ ተሻለህ? ሻንጣ ስሸከም ነው የተጎዳሁት ካልከኝ ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ የሻንጣ ሕመም እንዲህ ከከረመ ሐኪም ማየት አለብህ። ለአባዬ አትንገሪው ስላልከኝ አልነገርኩትም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ በልቼ አድራለሁ፣ ሥራዬም እሄዳለሁ ማለቴ ነው። የቀረውን ከዚህ በታች ታነበዋለህ።

ባለፈው ደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ «የእማዬ ልጅ» ብዬ ስለፈረምኩ ደውለህ ተቆጥተኸኛል። አባት የለሽም እንዴ አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ አልነበረኝም። እማዬን ቀብረን ከተመለስን ጀምሮ አባዬ የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ላንተ ስል ካልሆነ በቀር። በሆዴ ሰውዬው ነበር የምለው። ዛሬም ነገሩን እንደሆነው ልጽፍልህ ስለፈለግሁ ሰውዬው እያልኩ ነው የምጀምረው፤ ታገሰኝ። ስልክ ላይ ይህን ወሬ ሳነሳ ወይ መስመሩ ይቆራረጥብሃል ወይ አለቃህ ይጠራሃል። ወረቀት ደግሞ አይቆራረጥም።

መኪናዋ ከትራፊክ ፖሊስ ግቢ ተጎትታ ከመጣች ወዲህ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። እኔ ለብረታ ብረት ትሸጣለች ብዬ ነበር የማስበው። ባለፈው ወር ያጠብኩለትን ልብስ ላደርስ ስሄድ (ልብሱን አጥባለሁ፤ አላናግረውም እንጂ) ሸራው ተገፍፎ፣ የተጨረማመተው ፊቷ ተቃንቶ፣ ኮፈኗ ቀለም ተቀብቶ አገኘኋት። በሮቿ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ሰውዬው መፍቻ ይዞ በሆዱ ተኝቷል፤ እግሩ ብቻ ነው ወደ ውጭ የሚታየው። የኋላውን ወንበር እየፈታ ነበር። የእማዬን ወንበር።

ምን እያደረግህ ነው አልኩት። ከቀብሩ ወዲህ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ይመስለኛል። ቀና እንኳ ሳይል የኋላውን ወንበር አወጣለሁ፣ የፊቶቹንም ቀበቶዎች በአዲስ እቀይራለሁ አለኝ። በቃ! የሳሎን መጋረጃ የሚቀይር ሰው ነበር የሚመስለው። መንጃ ፈቃዱን ተነጥቋል፣ ሚስቱን በገዛ መኪናው ገድሏል፣ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ መኪና ያሳምራል። ደሜ ፈላ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ብዬ ተሳደብኩ፤ በሆዴ ነው ታዲያ።

ወንበሩ አልወጣም ብሎ አስቸገረው። ብሎኖቹ ዝገው ከወለሉ ጋር አንድ ሆነዋል። ዘይት ጠብ እያደረገ፣ እየቀጠቀጠ፣ እያቃሰተ ሲታገል ቆሜ አየሁት። በመጨረሻ ወንበሩ ብድግ ሲል ከሥሩ የወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሻጋታ፣ የአይጥ ሽንት፣ አንድ ቀን ፈሶ የቀረ ወተት፣ ሌላም ስሙን የማልጠራው ነገር። በሞላዎቹ መሃል አይጥ ወልዳለች። ጎጆዋን በምን እንደሠራችው ታውቃለህ? በእማዬ የአንገት ልብስ። ያ አረንጓዴው፣ ከሆስፒታል ከተመለሰው ዕቃዋ መሃል ያጣነው። በጥርሷ በጣጥሳ አለስልሳዋለች፤ ውስጡ ጸጉር ያላበቀሉ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ ቀያይ ነገሮች እርስ በርስ ይላወሳሉ። ከጎናቸው በልጅነታችን እያላመጥን ከሥር የለጠፍነው ማስቲካ፣ አቧራና ጸጉር የለበሰ ከረሜላ፣ የእማዬ ማበጠሪያ ከነጸጉሯ። አጥሩን ተደግፌ ቁርሴን በሙሉ መለስኩት።

ሰውዬው ግን በባዶ እጁ ዛቅ ዛቅ አድርጎ በባልዲ አወጣው። እጁን ሱሪው ላይ አበስ አደረገና ኮፈኑ ላይ ያስቀመጠውን ዳቦ አንስቶ ገመጠ። በዚያው እጁ! ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው፣ ሲያኝክ ያ እድፍ ጉንጩ ውስጥ ይታየኛል። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ቤት አድጌ፣ የሱን ትራፊ በልቼ፣ እንዲህ እጸየፈዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይባስ ብሎ ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ምን እንዳለኝ ልንገርህ። አጥበሽ ውሰጂው፣ ጨርቁን ካስቀየርሽው እንደ ሶፋ ይሆንሻል አለኝ። ሶፋ! እማዬ ከላዩ ተወርውራ የሞተችበት ወንበር ላይ እግሬን አጣጥፌ ቴሌቪዥን እንዳይ!

ለመሆኑ ለምን ታወጣዋለህ አልኩት። ወንድምሽ ሲመለስ እሱ ነው የሚነዳት አለኝ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ያንን ወንበር እንዳያይ ነው አለ። የምስቅ መስሎኝ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ድምፅ ነው። የገደለው እሱ፣ የሚያስብለት ላንተ ዓይን! ልብሱን ከነፌስታሉ መሬት ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ያችኑ መኪና ሳስባት ሄድኩ። እማዬ ከፊት አልቀመጥም ባይ እንደነበረች ታስታውሳለህ። መኪና ከፊት ሲመጣባት ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ኋላውን ለብቻዋ ይዛ፣ ቦርሳዋን ከጎኗ ጎልታ፣ ሾፌሩን እንዲህ ታጠፍ እንዲያ ታጠፍ እያለች ታዝዛለች። ከኋላ ቀበቶ የለም፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣም አልነበራት። ከፊት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የድሮው ዓይነት፣ እንዳሁኖቹ ራሱን የማይሰበስብ፣ ዘለበቱን እየሳቡ በሰውነት ልክ የሚያቆሙት። የሾፌሩ የሰውዬው ነው፣ የጎኑ ያንተ። እሱ ድንክዬ፣ አንተ ቁም ሳጥን የምታክል፤ ስለዚህ ዘለበቱን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። አንድ ቀን ለጨዋታ ብስበው ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸብኝ፤ ቀበቶ እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፣ የራስሽን ያዢ አለኝ። ዘለበቱ ለዓመታት አንድ ቦታ ከመቆሙ የተነሳ ጨርቁ ላይ መስመር አውጥቶ ነበር።

ደግሞስ ሲነዳ! የሰፈር ልጆች በብስክሌት እየቀደሙን እጃቸውን ሲያውለበልቡልን፣ አንተ አፍረህ ወንበሩ ውስጥ ስትሰምጥ አይረሳኝም። የሙሽራ መኪና እንኳ ከሱ ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ሰው የቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ እንዴት በዚያ ፍጥነት ይገባል? ትራፊኩ ሲጠይቀው ድመት ገባችብኝ ብሎ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር ፈረመ። ለድመት ሲል ሚስቱን! አርጅቶ ነው፣ ቸልተኛ ሆኖ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንተ ያን ቀን ትኬትህን ልታመጣ ሄደህ ነበር። እንደዚያ ነው የነገራችሁኝ። ከቀብሩ በኋላም ሳምንት ሳትቆይ በረርክ፤ እኔና እሱ ተፋጠን ቀረን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሄድኩት ለመጨረሻ ጠብ ነው። ከእንግዲህ ልብስህን አላጥብም፣ ደጅህንም አልረግጥም፣ ብትሞትም ከሰው እሰማለሁ ልለው። መንገድ ላይ ቃሉን እያጠናሁ ነበር። ከእኔ ሌላ በሩን የሚያንኳኳ ሰው እንደሌለው አውቃለሁ፤ አውቄ ነው።

ስደርስ ቀበቶ የሚገጥም ሰው አስመጥቷል። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። አፉን በምግብ ሞልቶ ነው የሚያወራው፣ ፍርፋሪው እኔ ድረስ ይመጣል። አፍንጫዬን ይዤ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። አዲሶቹ ቀበቶዎች ሰፋ ያሉ፣ ጠንካሮች ናቸው። የሚታሰሩበትን ወለል በወፍራም ብረት አጠናክሮ በይዶታል። ራሱን የሚሰበስበውን ዓይነት ይቺ መኪና የምታስገባበት ቦታ የላትም፣ ያንኑ የድሮውን ዓይነት ነው በጠንካራ የቀየርኩት እያለ ያብራራል። ልክ ሳይወስድም አልቀረም፤ አሮጌዎቹን ፈትቶ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ አዲሶቹን ከላይ አስተኝቶ ዘለበቶቹን በዚያው ቦታ አቁሟቸዋል። ደንበኛው የለመደውን ልክ እንዲያገኝ ብሎ፣ ሥራ ማሳመሩ ነው።

ሰውዬው የሾፌሩ ወንበር ላይ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ቀበቶው ደረቱን ሳይነካ ጭኑ ላይ ተዝለፈለፈ። ሬዲዮ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ እርስዎና አንድ ኩንታል ዱቄት አብራችሁ ትገባላችሁ አለ። ሰውዬው አልሳቀም። ከስቼ ነው አለ። ሬዲዮ መች ይለቃል! ክሳት ወርድ ይቀንሳል እንጂ ቁመት ይቀንሳል እንዴ፣ እስቲ ወደዚያኛው ይሻገሩ አለው። ሰውዬው አልሻገርም ብሎ ሲያንገራግር እጁን ይዞ አሻገረው፤ የጎኑን ቀበቶ አሰረለት። ልክክ አለ። አቀያይሬ ገጥሜ ይሆን እንዴ ብሎ ሬዲዮ ራሱን አከከ።

አላቀያየረም። የሾፌሩን አሮጌ ቀበቶ ከመሬት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያ መስመር እዚያው ቦታው ላይ አለ። ዘለበቱ ግን ከመስመሩ ርቆ፣ እስከ ጨርቁ ጫፍ ድረስ ተለቋል። ያንተን፣ የጎኑን አነሳሁ። እሱ ደግሞ ተስቦ ተስቦ ጠብቧል፣ አንተ ብታስረው ትንፋሽ አያሰጥህም። ከአደጋው ቀን ወዲህ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቀበቶ ያሰረ ሰው የለም።

ሰውዬው ከጎን ወንበር ላይ ሆኖ አየኝ። ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ታውቃለህ። ጆሮው ፍም መስሎ ነበር። ለእንግዳው ውሃ አምጪለት አለኝ፣ ከዚያ እንድነሳለት። ሄጄ አመጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ የሾፌሩን ላጥብበው ወይ ብሎ ጠየቀ። ተወው፣ እንዳለ ይሁን አለው። ሬዲዮ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ዕቃውን ሰብስቦ፣ እያወራ ወጣ፤ መንገድ ላይም ሲያወራ ይሰማኝ ነበር።

ያጠናሁትን ቃል ትቼ ሳሙናና ውሃ አምጥቼ እጁን አስታጠብኩት። ያንን የተጸየፍኩትን እጅ። ጥፍሩ ሥር የገባውን ዘይት በአሮጌ ብሩሽ ፈተግኩለት፤ ጣቶቹ ምን ያህል እንደሰለሉ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አባዬ፣ ውሃው ቀዘቀዘህ ወይ አልኩት ብቻ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ ለወንድምሽ ስትጽፊለት ትከሻውን ጠይቂልኝ፣ የግራውን፣ አለኝ።

እኔ ስለ ትከሻህ አልነገርኩትም ብዬሃለሁ። ግራ መሆኑንማ ለእኔም አልነገርከኝም።

አሁን የሚያስጠላኝን ልንገርህና ላብቃ። አይጧ አይደለችም፣ የሬዲዮም ፍርፋሪ አይደለም። በስልክ ታገሺው፣ ሽማግሌ ነው፣ ሰው ይሳሳታል እያልክ ስትመክረኝ የነበረው ድምፅህ ነው። እንዴት ያለ ደግ ወንድም አለኝ ብዬ ስልኩን ዘግቼ ስንቴ አልቅሻለሁ! ያንን ድምፅ ባሰብኩ ቁጥር ያ ከወንበሩ ሥር የወጣው ሽታ ይመጣብኛል፤ ተነስቼ አፌን እጉመጠመጣለሁ። በራሴም ይመጣብኛል፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ይዤለት ገብቼ አላውቅም። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ሰማኝ። የሰደብኩትን ሁሉ ጠጣው።

አባዬ አንተ የምታውቀው ሰው አይደለም። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ያርፋል። ወንበሩን ጓሮ ውስጥ አብረን አቃጠልነው፤ ማበጠሪያዋን እኔ ይዤዋለሁ። በመኪናዋ ወለል ላይ ንጹሕ ምንጣፍ አንጥፈናል። ከኋላ ማንም የሚቀመጥበት የለም። በመስታወቱ ብታይ መንገዱን ብቻ ነው የምታየው፤ እሱ እንደተመኘልህ። የሾፌሩም ቀበቶ ባለበት ነው ያለው። ስትመጣ ዘለበቱን መንካት አያስፈልግህም።

ፈጣሪ ትከሻህን ይማርልህ። እንቅልፍም ይስጥህ፣ ጓደኛህ ቢያንኮራፋም ባያንኮራፋም። አባዬ ቆሞ በር ሊከፍትልህ ሳለ ለመምጣት ያብቃህ።

የአባዬ ልጅ