የማይጮኸው በሽተኛዬ

ጥር 4
ዛሬም ከነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ልምምድ ክፍል የፕላስቲክ ሰውዬ ጋር ዋልኩ። ጋሼ ላስቲክ እንለዋለን። አራት ዓመት ስወጋው አንድ ቀን «ኧረ!» አላለኝም። መምህሩ «እጅሽ ወርቅ ነው» አለኝ። አመንኩት። ምን ላድርግ፣ እውነት ነዋ!
ሰኞ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል እገባለሁ። ሕዝቡ ይዘጋጅ።

ጥር 7
ሕዝቡ አልተዘጋጀም።
የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ድምጿ እንጨት ይቆርጣል፤ መጋዝ እንላታለን። «የማምንሽ ቀን ከኋላሽ አታገኚኝም» አለች። ወሩ እስኪያልቅ ካላመነችኝ ምረቃ የለም። ተመልሼ ወደ ጋሼ ላስቲክ...
መስኮቱ ጋ የተኙ ጡረተኛ ሹፌር ግሉኮስ ታዘዘላቸው። ክንዳቸውን አነሳሁ፣ አሰርኩ፣ ጠረግሁ፣ ወጋሁ። በአንዴ! ጭብጨባ ስጠብቅ...
«ልጄ፣ ሞቻለሁ እንዴ?»
«ኧረ አልሞቱም፣ አባባ!»
«ታዲያ ሰላም እንኳ ሳትዪ ክንዴን እንደ ጎማ ትፈቺዋለሽ?»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ግን አልሳቁም። «ሁለተኛ እንዳትነኪኝ» አሉ።
መጋዝ፦ «ማንን ነው የወጋሽው?»
የአልጋ ቁጥሩን ነገርኳት።
«አልጋውን ነው የወጋሽው?»

ጥር 8
ሰላም ማለት ረስቼ ነው? አይደለም። ጋሼ ላስቲክ መቼ መልሶልኝ ያውቃል...

ጥር 12
አዲስ ሕይወት። ሳልናገር አልነካም። ለአንዲት እናት ስለ ሙቀት መለኪያው ከጥንት ጀምሬ አስረዳሁ። «የኔ ልጅ፣ ትኩሳቴ በወሬሽ ጨመረ» አሉኝ።
መጋዝ፦ «አሁን ደግሞ ሬዲዮ ሆንሽ? ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ።»
መስማት? ይሄ ፈተና ላይ መጥቶ አያውቅም።

ጥር 19
ሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ያለ መርፌ። የትኛው እጅ እንደሚሻላቸው ጠየቅሁ።
«ግራው። ቀኙ ዕድሜውን ሙሉ ማርሽ ሲቀይር ደክሟል።»
ከዚያ የነዱትን መንገድ ሁሉ ነገሩኝ። አላቋረጥኩም። ለእኔ ይሄ ገድል ነው።

ጥር 27
የሹፌሩ እጅ መርፌው የገባበት አብጧል፤ በሌላ ቦታ መተካት አለበት። መጋዝ ስትጠጋ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።
«ያቺ ትምጣ።»
«የቷ?»
«ጎማ ፈቺዋ!»
ጓንቱን ገልብጬ አጠለቅሁ። ወርቁ እጄ!
«አባባ፣ ትንሽ ይቆነጥጣል። ልጀምር?»
«ቀስ በይ፤ መንገዱ ጠባብ ነው።»
ደም ሥሩን ሳትኩ። ይቅርታ አልኩ።
«ኋላ ማርሽ ለምን ተሠራና? እንደገና ሞክሪ።»
ገባ። «ጎበዝ» አሉኝ፣ ላቡ ግን የእኔ ነበር።
መጋዝ ምን ትል ይሆን ብዬ ዞር ስል... ከኋላዬ ማንም የለም። ኮሪደሩ ላይ ከሰው ጋር ታወራለች። መቼ ወጣች?
ዕቃዬን ላወጣ ልምምድ ክፍል ገባሁ። የጋሼ ላስቲክን ክንድ ያዝ አድርጌ «ለአራቱ ዓመት ይቅርታ» አልኩት።
ዝም። አኩርፎኛል መሰለኝ።