በእናቴ ቀሚስ የተገኘ ወንበር

ለክቡር ኮሎኔል ኤልካና ቫን ዶረን፣ የኮንግረስ አባል፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሴቶች ምርጫውን እንዳበላሹት፣ የኒው ጀርሲ ምክር ቤትም በእርስዎ ምክር የመምረጥ መብታችንን መንሳቱ ደግ ሥራ እንደሆነ ያን ያህል ሲናገሩ ጉሮሮዎ ተጎድቶ እንዳይሆን ሠግቻለሁ።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩. ወላጆቼ ሞተው እርሻው በስሜ የዞረ ጊዜ፣ ባል የሌላትና ንብረት ያላት ሴት እንደምትመርጥ አስታውሰው ሠረገላዎን ደጄ ድረስ ይዘው ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ። «የኔ እመቤት፣ ያለ እርስዎ ድምፅ ይህች አገር ምን ትሆናለች?» ብለው እጄን ይዘው ሠረገላው ላይ አወጡኝ። የፖም ጠጅዎም ግሩም ነበር።

፪. ባለፈው ምርጫ ዋዜማ አጥሬ ላይ ያሰጣሁት የሟች እናቴ ሰማያዊ ቀሚስ ጠፋ። በማግስቱ የመራጮች ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ አገኘሁት፤ ውስጡ ያለው የወንድምዎ ልጅ ጃቤዝ ነበር። ጠዋት በገዛ ሱሪው መርጦ ሄዶ ነበር። የምርጫው ዳኛ ማንነቱን ሲጠይቁት ጢሙን በሻሽ ሸፍኖ፣ «መበለት ነኝ ጌታዬ፣ ሐዘን ላይ ነኝና አያስለቅሱኝ» አላቸው። እኔ ሌብነት ነው ብዬ ስናገር፣ ይህች ልጅ ባል ብታገኝ ኖሮ አደብ ትገዛ ነበር ተብዬ ከሰልፉ ተገፋሁ። መበለቲቱ ግን እርስዎን መረጠች። እርስዎም በሩ ላይ ባርኔጣዎን አንስተው እጅ ነሷት። እያወቁ።

፫. ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ለሠሩት ሌብነት ቀሚስ ለባሾቹ ስለተቀጣን፣ ስለዚህ ፍርድ ማመስገኛ ቃል አጣሁ። ጃቤዝ ወደፊትም ይመርጣል። እኔ ግብር እከፍላለሁ።

ሠረገላዎ ያወጣት፣ ሕግዎ ያወረዳት፣ አርፋ የማትቀመጥ አክባሪዎ፣
ኬዚያ ስቶክዌል
ኅዳር 1807

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ጃቤዝ ቀሚሱን ይመልስልኝ፤ ትከሻው ላይ ቢተረተርም እሰፋዋለሁ። እርስዎም ያውቁታል። በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች ሲያሳድዱዎ እናቴ ያለበሰችዎ እሱን ነው፤ ወጥ ቤታችን ተቀምጠው ወተት ሲንጡ ወታደሮቹ ሴት መስለዋቸው አልፈው ሄዱ። በየምርጫው ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ጎራዴ መዘዝኩ ይላሉ። እናቴ የነገረችኝ ግን እርስዎ ቅቤውን እንኳ አበላሽተው እንደሄዱ ነው።