የኅዳር ሹራብ በመጋቢት ፀሐይ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁት ወንድሜ፣ ለመምህር መንግስቴ፤ ቢቸና።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀህ ወይ? እናታችን እማሆይ ወለተ ሐናስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? ጾሙ አልከበዳቸውም? አሁንም እንደ ልማዳቸው ውሃ ሳይቀምሱ ቅዳሴ ይቆማሉ? ባለቤትህ ማናለሽ፣ ትንሿ ልጅህ ውበቴ፣ ሁላችሁም እንዴት ሰንብታችኋል? እኛ በሞጣ ያለነው አምላክ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ባለቤቴ ወልደ ሰንበት ደህና ነው፣ ላሚቱም ወልዳለች። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሕመሜ ደግሞ የራስም የሆድም አይደለም፤ ንዴት ነው።

ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርሁ የምትጽፈው ልጄ ይርጋነሽ ናት። አፌ እንዳመጣ ጻፊ ብያታለሁ፤ እርሷ ግን ያንተን ክብር እየጠበቀች ቃሌን ልታለዝብብኝ ትሞክራለች። የለዘበ ነገር ካነበብህ የእርሷ ሥራ ነው፤ የጎረበጠህ የኔ ነው። ደግሞ በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን የነበረባት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከእኔ ጋር መደብ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ የምትጽፍበትን ምክንያት አሁን እነግርሃለሁ።

በኅዳር የሱፍ ክር ልከህላት እንደነበር አትረሳም። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም ክር። ያን ጊዜ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገው ስለነበር ደስ ብሎኝ እጄን ዘርግቼ መርቄሃለሁ። ልጅቱም በእጅ ሥራ ትምህርት በለመደችው መሠረት እየሠራች እየፈታች በሁለት ሳምንት ሹራብ አደረገችው። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ከደንብ ልብሱ ላይ እንዲህ ያለ ሹራብ ይደርብ ብሎ አዘዘ። ማን ጠላ? የደኻውም የባለጸጋውም ልጅ አንድ መስሎ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል። የደንብ ልብስ ጠላች እንዳትለኝ።

አሁን ግን መጋቢት ነው! ዘንድሮ በልጉም ጠብ አላለም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ውሻ እንኳ ከግድግዳ ጥላ አይወጣም። ሕጉ ግን እንደ ኅዳሩ ነው። ሹራቡ ሰንደቅ ዓላማ ከሚሰቀልበት ጀምሮ እስከ መልቀቂያው ደወል አይወልቅም፣ ቁልፉም አይፈታም። ልጃገረዶቹ በነጠላ ራሳችንን ከፀሐይ እንከልል ቢሉ እርሱም ክልክል ነው። ልጆቹ ደግሞ ጿሚዎች ናቸው፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ምሳ የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፋቸው አይዞርም።

መጋቢት 13 ቀን ሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ገብስ ሳበጥር አራት ተማሪዎች ይርጋነሽን ተሸክመው ከደጄ ደረሱ። የከሰዓት በኋላው ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ወድቃ ነው። ወንድሜ፣ ዓይኗ ነጩ ብቻ ነበር የሚታየው። ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብሁ። ሹራቡን ሳወልቀው ከምድጃ አጠገብ የሰነበተ ጨርቅ ይመስል ይፋጅ ነበር። ውሃ ረጭተን፣ ጥላ ሥር አስተኝተን፣ ስሟን እየጠራን ቆይተን ነፍሷ ተመለሰች። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሹራቤ አልተቀደደም ወይ አለችኝ።

የኛው ዲሬክተር አቶ አካለ ወልድ መጥቶ ይጠይቃታል ብዬ ስጠብቅ በዘበኛው በኩል መልእክት ላከ። ምን ቢል ጥሩ ነው? ቁርስ አብልተሽ ላኪያት! በሁዳዴ! እርሱ ራሱ የካህን ልጅ ነው ይሉታል። ረቡዕ ዕለት ቀሚሷን ብቻ አልብሼ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጌላት ላክኋት። ዘበኛው ከበር መለሳት። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ናት። የሚኒስትሪ ፈተና የሚቀመጡት ልጆች ስም ዝርዝር ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ይላካል፤ እስከዚያ ክፍል ያልገባች ስሟ አይጻፍም ተብሏል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንደኛና ሁለተኛ የወጣች ልጅ በሹራብ ቁልፍ ምክንያት ልትቀር ነው!

ወላጆች ዝም አላልንም። እስላሙም ክርስቲያኑም ሆ ብለን ባለፈው ሰኞ ከትምህርት ቤቱ ደረስን። ሽማግሎቹ ለክብር ብለው በርኖሳቸውን ደርበው ነበርና አቶ አካለ ወልድ ገና ሲያያቸው ሳቀ። እናንተ በዚህ ሙቀት በርኖስ ለብሳችሁ መጥታችሁ የልጆቹ ሹራብ ከበደ ትሉኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ የባለቤቴ ላብ ከግንባሩ ይንቆረቆር ነበራ። አንድ የጨው ነጋዴ ሽማግሌ ግን እኛ ከዚህ ስንወጣ እናወልቀዋለን፣ የልጆቹን ማን ያወልቅላቸዋል ብለው መለሱለት። እሰይ አልሁ በሆዴ።

እዚያ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። አቶ አካለ ወልድ ግን ሕጉ የእኔ ብቻ አይደለም፣ በየትምህርት ቤቱ ያለ ነው አለ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብዬ ወንድሜ የቢቸና ዲሬክተር ነው፣ በቢቸና እንዲህ ያለ ግፍ የለም አልሁ። እርሱም ፈገግ ብሎ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በጾም፣ በእጄ ደረቴን መትቼ መንግስቴ ይሙት አልሁ።

ሰውዬው መሳቢያውን ከፈተ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። በኅዳር ወር የቢቸና ተማሪዎች ንጽሕና እንዴት እንዲያ ሊያምር ቻለ ብሎ ጠይቆ ኖሮ፣ የተመለሰለት መልስ ነው። ሹራብ ይለበስ፣ ከሰልፍ እስከ መልቀቂያ አይውለቅ፣ ቁልፉ እስከ አንገት ይዘጋ ይላል። ከሥሩ የማን ስም ነበር? ያንተ! መምህር መንግስቴ! እኔ ያዘልሁህ መንግስቴ፣ ሙቀት ስትጠላ ከእቅፌ እየወረድህ መሬት ላይ የምትተኛው መንግስቴ!

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲቱ ከኋላዬ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ስትል ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አንተው ክሩን ልከህ፣ አንተው ሕጉን አውጥተህ፣ እኔን በራስህ ስም በሐሰት አስማልኸኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን አደርገዋለሁ?

ምናልባት ሙቀቱ ሲመጣ ትቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከቢቸና የመጣውን ነጋዴ ታዘበውን ጠርቼ ጠየቅሁት። የለም፣ ባለፈው ሳምንት በስድስት ሰዓት ልጆቹ እስከ አንገታቸው ተቆልፈው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ አለኝ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም። ወልደ ሰንበትማ ልጅቱ ሹራቧን ለብሳ ትሂድ፣ አንቺም ይቅርታ ጠይቂ፣ ሁለት ወር ምን አላት ይለኛል። እርሱ ስትወድቅ አላየም፤ ገበያ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ለአባ ገብረ ክርስቶስ ሁሉን ነገርኋቸው። ሰባት ቀን በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ ሁለተኛ በሰው ነፍስ አትማዪ ብለውም ገሠጹኝ። እሺ ብዬ እየሰገድሁ ነው፤ ወገቤ ተቆርጧል። ትናንት ሠላሳ ምናምነኛው ላይ ግንባሬ መሬት ነክቶ ሳለ አንድ ነገር መጣልኝ። መሐላዬ በቢቸና እንዲህ ያለ ነገር የለም የሚል ነው። እንግዲያው እንዳይኖር ማድረግ የሚችል አንድ ሰው አለ። አንተ ነህ። ዛሬ ብታነሣው ቃሌ ካሁን በኋላ እንኳ እውነት ይሆናል። አቶ አካለ ወልድም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቢቸና ካነሣ እኔም አነሣለሁ ብሏል፤ ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ይርጋነሽ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ፣ እማዬ አጎቴን እንዲህ አይባልም አለችኝ። ለምን አይባልም? አንተ በደበሎ የተማርህ ልጅ አይደለህም? የኔታ ወልደ ኪዳን ዓይናቸው ባያይም ፀሐዩ ሲከር በቆዳቸው ያውቁት ነበር። ደበሏችሁን ጣሉ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ ይሏችሁ ነበር። ያኔ ቅኔው ጠፋባችሁ? ሥርዓቱ ፈረሰ? የተመሰገንኸው በዚያው ትምህርት አይደለም ወይ? በኅዳር የተጻፈ ወረቀት በመጋቢት የሚገዛው በየትኛው አገር ነው?

ስለዚህ ሹራቡን ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በታዘበው እጅ ልኬልሃለሁ። ምርቃቴን መልሼ አልወስድም፤ ሹራቡን ግን መልሻለሁ። ጠባብ ቢሆንብህ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገው፣ ካልሆነም ያንተኑ ወፍራም ሹራብ ልበስ። ሳትበላ ሳትጠጣ ስምንት ሰዓት ላይ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ከልጆቹ ጋር ቁም። ሰልፉ እስኪያልቅ ከቻልህ ጻፍልኝ፤ እኔም ተሸንፌ ልጄን አለብሳታለሁ፣ አቶ አካለ ወልድንም እግሩን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልቻልህ ግን ያንኑ ማኅተምህን አንሣና ሌላ ወረቀት ጻፍ። ታዘበው ከሆሣዕና በፊት ይመለሳል፤ መልሱን በእርሱ እጅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ካለፈ ትምህርት ቤቱ ለፋሲካ ይዘጋል፤ ለልጅቱ ዓመት አለቀ ማለት ነው።

ለማናለሽ እንደምን ከረመች በልልኝ፤ የላከችልኝ ጥቁር አዝሙድ ደርሶኛል። ለትንሿ ውበቴ ደግሞ ሹራቧን በገዛ እጅህ አውልቀህ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ወልደ ሰንበት ሰላም ብሎሃል፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እጄ የለበትም በይልኝ ብሏል። ይርጋነሽ እጅ ትነሣለች። የእናታችንን የእማሆይ ወለተ ሐናን ጉልበት ሳምልኝ፤ ስለ መሐላው ግን አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትልባቸው። በአንድ ወንድ ልጃቸው ምያለሁ፤ ቢሰሙ አይምሩኝም።

አንተንም እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ። ይህን የምልህ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ ወረቀትህ እስኪደርሰኝ ድረስ በየስግደቴ የምለምነው እርሱኑ ነው።

እኅትህ ፈንታዬ
ሞጣ፣ መጋቢት 24 ቀን 1963 ዓ.ም.