ከመታጠፊያው ጀምሮ በእግር

ግንቦት 2፣ አርብ

ነዳጅ ዛሬም ጨመረ። ይቅርታ... «ተስተካከለ»። አለቃችን «ጭማሪ» የሚለው ቃል ከቢሯችን እንዳይወጣ ከከለከለ ወዲህ በሌለበት እሱን ራሱን «ማስተካከያ» እያልን ነው የምንጠራው። ጠዋት መግለጫውን ጻፍኩ። ሕዝብ ግንኙነት ማለት ይኸው ነው፤ እነሱ ይወስናሉ፣ እኔ አለሳልሳለሁ። «የዋጋ ማስተካከያው የዜጎችን አቅም ያገናዘበ ነው።» የየትኛውን ዜጋ? አልጠየቅኩም። ሻዬን ጨርሼ ማኅተም አስመታሁበት።

ወንድሜ ሳይነጋ ነበር ማደያ የተሰለፈው። ታክሲው ውስጥ ቁርሱን በልቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከፊቱ ካለው ባለታክሲ ጋር ተጣልቶ ታርቆ... እንዲያም ሆኖ ለእማዬ ደረሰላት። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ የኩላሊት እጥበት አላት። እሱ ካላደረሳት የሚያደርሳት የለም። ቤታችን ዳገት ላይ ነው፣ አውቶቡስ አይወጣውም፣ እግሯ ደግሞ አብጦ ትንሽ ስትራመድ ያቆማታል። ደግፎ ያስገባታል፣ ደግፎ ያወጣታል።

አጠገቧ የሚታጠብ አንድ ጡረተኛ መምህር አለ። እሱን አማቹ ነው በሞተር ሳይክል የሚያመጣው። እማዬ በገባች ቁጥር «እህቴ፣ ዛሬስ በምን መጣሽ?» ይላታል፤ እያወቀ። «በልጄ» ትለዋለች። ስትለው ደረቷ ትንሽ ነፋ ይላል።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

የነዳጅ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ... አንዱ ኩፖን አለ። አንዱ ድጎማው ተነስቶ ሕዝቡ «እውነተኛውን ዋጋ ይልመድ» አለ። አንዷ ብስክሌት አለች፤ ለልምድ ልውውጥ ሄዳ አይታ መጥታለች፤ በአውሮፕላን። ከምሳ በፊት ማለቅ ስለነበረበት አለቀ።

ከሰኞ ጀምሮ ታርጋው በጎዶሎ ቁጥር የሚያልቅ መኪና በጎዶሎ ቀን፣ በሙሉ የሚያልቅ በሙሉ ቀን ብቻ ይንቀሳቀሳል። ታክሲም ጭምር። ለሞተር ሳይክል ደግሞ እስከ ሌላ ማስታወቂያ ቤንዚን አይቀዳም። «ለልዩ ሥራ» የሚል ስቲከር የለጠፈ ግን ቀኑም ታርጋውም አይመለከተውም።

ካላንደሬን አየሁ። የወንድሜ ታርጋ ጎዶሎ ነው። የእማዬ ቀኖች አንዱን ሳምንት ሦስቱም ጎዶሎ፣ የሚቀጥለውን ሦስቱም ሙሉ። እጄን አወጣሁ።

«ቋሚ ሕክምና ያላቸውስ?»

«በሂደት ይታያል» አለ ማስተካከያ። «ይሄን ቃለ ጉባኤው ላይ አትያዢው።»

አልያዝኩትም። ከስብሰባው ሳንነሳ የስቲከሩ ጥቅል ገባ። እንደ ዳቦ ተሻሙት። ለባሏም፣ ለልጇም የወሰደች አለች... የብስክሌቷ ሴትዮ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

የእግር ጉዞ ቀን። «ከፍተኛ ኃላፊዎች ለአርአያነት በእግራቸው ወደ ሥራ ገቡ።» ዜናውን ትናንት ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ዛሬ የቀረው መሆን ብቻ ነበር።

መኪኖቹ መጡና ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከጋዜጣ መሸጫው ጀርባ ቆሙ። ካሜራው ሕንፃችን በር ላይ ስለሆነ መታጠፊያውን አያይም። አንድ በአንድ ወረዱ። ሁሉም አዲስ ስፖርት ጫማ። ማስተካከያ ከመውረዱ በፊት የፕላስቲክ ውሃ ከፍቶ ግንባሩን ረጠብ ረጠብ አደረገ። ላብ እንዲመስል! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ከዚያ እጁን እያወዛወዘ ሄደ፤ ከመታጠፊያው እስከ በሩ። እዚያ ሲደርስ ስለ ጤና ተናገረ።  

የእሱን ሾፌር «ሞተሩን አታጠፋም እንዴ?» አልኩት።

«አታጥፋ ተብያለሁ እህቴ። ሲመለሱ መኪናው ቀዝቀዝ ብሎ እንዲጠብቃቸው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምኑ አሳቀን?

ግንቦት 12፣ ሰኞ

የሙሉ ቁጥር ሳምንት። የወንድሜ ታክሲ ደጃፍ ላይ ታጥቦ ቆሟል፤ መንካት ግን ክልክል። አምቡላንስ ደወልኩ። «ለድንገተኛ ብቻ ነው» አለችኝ ልጅቷ፣ በትህትና። አንድ ታክሲ አገኘን፤ ዳገቱን ሲያይ ዞረ። ነዳጁን ለዳገት አያባክንም። ምን ልበለው?

ወንድሜና ጎረቤታችን አናጢው እማዬን በወንበር ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ አወረዷት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። ሰው ያየኛል ብላ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ስንደርስ ማሽኗ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «ረቡዕ በጊዜ ኑ።»

«ይሁን፣ ከተማ አየሁ» አለች እማዬ ስንመለስ። ልታስቀን ነው። አልሳቅንላትም።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

ታጠበች። ሽንኩርት የጫነ መኪና ለምነን፣ ጋቢና። ስቲከር አለው። የማን ሽንኩርት ነው ልዩ ሥራ?

ግንቦት 16፣ አርብ

አልሄደችም። ምንም አላገኘንም። ፊቷ አብጧል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። በትራስ ደግፈን አስቀመጥናት። «እናንተ ሥራችሁን ሂዱ» ትላለች፣ ቃሉን ለሁለት ቆርጣ።

ሄድኩ። የሳምንቱን ሪፖርት ጻፍኩ። «ኅብረተሰቡ ውሳኔውን በደስታ ተቀብሎታል።» ጣቶቼን ጠላኋቸው። ማስተካከያ «በከፍተኛ ደስታ» አድርጊው አለኝ። አደረግኩት።

ግንቦት 21፣ ረቡዕ

ጎዶሎ ሳምንት። ወንድሜ አደረሳት፤ ከሰኞ ወዲህ ፊቷ ወደ ራሱ እየተመለሰ ነው። የመምህሩ ወንበር ግን ባዶ። ነርሷን ጠየቅናት።

«አማቹ ሞተሩን ካቆመ ቆየ። ሲችል ነው አሁን የሚመጣው። አውቶቡሱ ከጣለው በኋላ በእግሩ።»

እማዬ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት። ሰው እንዳይዝበት።

ከሰዓት ማስተካከያ አስጠራኝ። በሩን ዝጊው አለ።

«ወንድምሽ ባለታክሲ ነው አሉ።»

«አዎ።»

«ለቴሌቪዥን በውሳኔው የተጠቀመ ባለታክሲ አጥተናል እኮ። እስካሁን ያገኘናቸው ስድብ ብቻ ናቸው።» መሳቢያውን ሳብ አድርጎ አንድ ስቲከር አወጣና ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «እናትሽም ጤና የላቸውም፣ አይደል?»

ለካ ያውቃል። ያን ቀን እጄን ሳወጣም ያውቅ ነበር። በሂደት ይታያል ያለው ይኸው ታየ። ፊቱ ላይ መወርወር አልነበረብኝም? ግን የዚያ አርብ ትንፋሿ... ወሰድኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ። ይህን ቃል ማን አስወጣኝ?

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

ቀረጻ። ወንድሜ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር።

«ጓደኞቼ ማደያ እያደሩ እኔ በቴሌቪዥን ላመስግን? በየት ዞሬ ነው ነገ ተራ የምይዘው?»

«ለእማዬ ነው።»

  የጻፍኩለትን ከእጄ ወስዶ በቃሉ አጠና። «አንዱን ቀን ሠርቼ አንዱን ቀን ከቤተሰቤ ጋር ማሳለፌ በጣም ጠቅሞኛል። ሌሎችም እንደ እኔ ቢያዩት መልካም ነው።» ሲጨርስ ምራቁን እንትፍ አለ። ባለካሜራው ግን አልጨረሰም ነበር።

«አንዴ ድገምልኝ። አሁን ፈገግ ብለህ።»

ደገመው። ፈገግ ብሎ።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

ሙሉ ቀን ነው፣ እኛ ግን ባለ ስቲከር ነን። ማስተካከያ ራሱ ፈቃድ ሰጥቶኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ትራፊኩ ስቲከሩን ሲያይ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አሳለፈን። በየፌርማታው የቆመው ሰው አፍጥጦ አየን። እማዬ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ተከለች።

መምህሩ መጥቷል። ከስቶ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ። ቦርሳዋን ስታነሳለት ሳቀ። ሁለቱም ማሽን ላይ እንዳሉ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የቀኑን ዜና ጀመረ። ወንድሜ ብቅ አለ። ታክሲውን ተደግፎ፣ ፈገግ ብሎ፣ የእኔን ቃል በእሱ አፍ።  አንዲት ታካሚ «አፈር ብላ!» አለችው፣ ስክሪኑን።

መምህሩ መነጽሩን አደረገ። «እህቴ... ይሄ ያንቺ ልጅ አይደለም እንዴ?»

እማዬ ቀና ብላ አየች። ዜናው እስኪያልፍ ድረስ አየችው።

«አይደለም» አለች። «የሚመስለው ነው።»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። «እሱስ ልክ ነሽ። ዓይኔ ደክሟል።» ዓይኑ እንዳልደከመ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ወንድሜ በሩ ላይ ነበር፣ ከመምህሩ ጀርባ፣ የእማዬን ሹራብ ይዞ። ሰምቷል። ሹራቡን ሰጠኝና ወጣ። ልከተለው አልቻልኩም። ምን ብዬ? ስንወጣ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘነው። እማዬ ራሱን ዳበሰችው። 

ግንቦት 28፣ ረቡዕ

ፈቃድ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ስልኬ ሲጮህ ዋለ፤ ማስተካከያ ነው፤ ሁለተኛ ባለታክሲ ፈልጊልኝ ሊል። ይጩህ።

ጠዋት እማዬ ማንንም ሳትጠብቅ ለብሳ ተቀመጠች። ሄድን። ሆስፒታሉ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ የወንድሜን ትከሻ ነካች።

«እዚህ አውርደኝ።»

«ገና ነን እማዬ፣ በሩ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እዚህ አውርደኝ።»

አቆመ። ልደግፍሽ ብሎ ሊወርድ ሲል በእጇ ተወው አለችው። ክንዴን ይዛ ወረደች። ያ ያበጠ እግሯ ጫማው ውስጥ አይገባም፣ ተረከዙን ረግጣዋለች። ትንሽ ሄደን የግንብ አጥሩን ተደገፈች። ደግሞ ትንሽ። ግንባሯ ላይ ላብ ወረደ። ልጠርግላት ስል ተይው አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ወንድሜ እዚያው ቆሟል፤ ምናልባት ካቃታት ብሎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

ይሄን ነገር የት ነው ያየሁት? አውቃለሁ የት እንዳየሁት።

በሩ ጋ መምህሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያርፋል። ከሩቅ ሲያየን እጁን አነሳ።

«እህቴ! ዛሬስ በምን መጣሽ?»

«በእግሬ» አለችው።

ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።