ከአጀንዳ ውጭ ስለ ተሰበረው ድልድይ

ሰበታ፣ ነሐሴ ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ ጎበና
የወንዝ ማዶ ሠፈር የልማት ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናውንና ዕድሜውን አብዝቶ ይስጥልኝ እያልኩ፣ የኮሚቴዎ ጸሐፊና የጨርቅ ነጋዴው ወንዳፍራሽ፣ በስብሰባ ላይ እንድናገር ስላልተፈቀደልኝ በገበያው ዛፍ ላይ በለጠፍኩት በዚህ ደብዳቤ እጅ እነሣለሁ።

አንደኛ፣ ሥርዓት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አጀንዳውን የምጽፈው እኔ፣ የሚሰርዙት እርስዎ እንደ ነበሩ አይዘነጉም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሦስት ጊዜ «የእንጨቱ ድልድይ መበስበስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ በቀይ እርሳስ ሰርዘው በምትኩ የእንግዳ አቀባበል፣ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ቀለምና የወንበሮች አደራደር አስገቡ። እኔም ለሱቄ ፈቃድ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ከወንዙ ማዶ የሚያርሱት ኦቦ ቀጄላ በሰኔው ስብሰባ ከበሩ አጠገብ ተነሥተው «ጌታዬ፣ የመካከሉ ግንድ በስብሷል፤ በእጄ ፈረፈርኩት» ሲሉ፣ እርስዎ ቀና እንኳ ሳይሉ «በአጀንዳ ያልተያዘ ጉዳይ አይነሣም» አሉ። ሽማግሌው «ወንዙ አጀንዳ አያነብም» ብለው ወጡ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሐምሌ ፲፪ ቀን የኦቦ ቀጄላ ምራት ደጊቱ ቅቤ ይዛ ወደ ዓለም ገና ገበያ ስትሻገር ግንዱ ከመካከሉ ተሰበረ። ሬሳዋ በሦስተኛው ቀን ከታች ቁጥቋጦ ይዞት ተገኘ። በነጠላዋ የለየኋት እኔ ነኝ፤ ከሱቄ የገዛችው ነበር።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ በነሐሴው አጀንዳ ባስገባ «ሐዘን የዕድር ጉዳይ ነው» ብለው ሰረዙ። ኦቦ ቀጄላ ግን በስብሰባው መካከል ተነሥተው የምራታቸውን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ስብሰባ አውከዋል ተብለው በሁለት ዘበኞች ተወሰዱ። ይኸው ዐሥራ አንድ ቀን ሆናቸው፤ ልጃቸው ስንቅ ይዞ ወደ ጣቢያው ቢሄድ «እዚህ የለም» አሉት። እኔንም በስብሰባው ማግስት እርስዎ አስጠርተው፣ ከሰኔው ቃለ ጉባኤ የሽማግሌውን ንግግር ፍቄ «የተናገረ የለም» ብዬ እንድጽፍ በለሰለሰ ድምፅ አዘዙኝ። ስለጣሉብኝ እምነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ትናንት የሐሙሱ ስብሰባ አጀንዳ ደረሰኝ። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ነው። ነጥቡም አንድ ብቻ ነው፦ «የጸሐፊው ጉዳይ»። ባለቤቴ ማሪቱ አንብባ ብርድ ልብሴን ታጥፍ ጀመረች።

በአጀንዳዎ ላይ ሳልሰረዝ ለመስፈር የበቃሁ፣
ዘግይቼ የደፈርኩት አገልጋይዎ
ወንዳፍራሽ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ በሰዓቱ እገኛለሁ። ከወንዝ ማዶ ያሉትም እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ስንት እንደሆኑ አልጠየቅሁም። እንደ ሥርዓቱ ተናጋሪያችሁን አስመዝግቡ ብላቸው፣ «የምንመጣው ለመናገር አይደለም» አሉኝ።