ለአለበል መመለሻ የጻፍሁት ዘፈን

ሰኔ 3 ቀን 1980

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሣህሉ አንድ ልጄን አለበልን አሳፍሶ ለጦር ሰጠብኝ። ባለፈው ጥቅምት፣ ከመሸንቲ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ። ኮታ ጎድሎበት ነበር። የእሱ ሁለት ወንዶች ልጆች እቤታቸው ናቸው። ይኸው... በግልጽ ተጻፈ።

ሌላው የሁልጊዜው ነው። የጓሮውን አጥር አጠበቅሁ። ሐይቁ ላይ ደመና ተኝቷል፤ ክረምቱ ገባ። ባለቤቴ ባንቺአየሁ የልጁን ክፍል ስትጠርግ ካሴቶቹን በካርቶን አወጣችልኝ። "እርጥበት ሳይበላቸው ደረቅ ቦታ አስቀምጥለት" አለች። ከየካቲት ወዲህ ደብዳቤ የለም። ቢሆንም "አስቀምጥለት" አለች። ልክ ናት። ሲመጣ ይፈልጋቸዋል።

ሰኔ 5

አንዱን ካሴት ከፈትሁት። ለምን? እንጃ። ልጁ እቤት ሳለ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰምቼለት አላውቅም። "ዝጋው ይህን የሰይጣን ጩኸት!" እለው ነበር። ዛሬም ቢሆን ዝቅ አድርጎ መስማት ነበረበት እላለሁ።

መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ጊታሩ ይፈጫል፣ ከበሮው ይወግራል፣ ሰውየው ይጮኻል። ቋንቋው አይገባኝም። ደግሜ ስሰማው ግን ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ። ይህንስ አውቀዋለሁ... የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ነው! ጡረታ እስክወጣ የጠገንኋቸው ማሽኖች ሁሉም ባንድ ላይ ሲነሡ እንዲህ ነበር የሚሉ። አንዱ ከተዛነፈ ገና ከበሩ ላይ ይሰማኝ ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ በጆሮዬ ነው የለመድሁት። ፊደሉንም ብቻዬን ነው የቆጠርሁት። ይህንም እማራለሁ።

ሰኔ 9

ክንዱን አስጠራሁት። የአለበል ጓደኛ ነው፤ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ይሠራል፣ ለኪነት ቡድኑ ጊታር ይመታል። ኪነት ውስጥ ስላለ ለጦር አልነኩትም። አለበልንም "ግባ" ብለውት ነበር። "የእነሱን መዝሙር አልዘምርም" አለ። ግትር ልጅ ነው... ከማን እንደወረሰው እንጃ።

"ይህ ነገር እንዴት ነው የሚጻፈው?" አልሁት።

"የቱ ነገር ጋሽ ተክሌ?"

"ይህ ጩኸት።"

ሳቁን ዋጠ። "ሄቪ ሜታል ነው የሚባል። ለእርስዎ ምን ሊያደርግልዎ?"

"ልጁ 'እንዲህ ያለ በአማርኛ እጽፋለሁ' ሲል ከረመ። ሳይጽፍ ወሰዱት። ሲመጣ አንድ ይጠብቀው።"

ክንዱ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አስረዳኝ። መጀመሪያ አጭር ዜማ ይያዛል፤ እሱው ይመላለሳል፣ አይለቅህም። ቃሉ እሱ ላይ ይጫናል። ፍቅርና ናፍቆት አይበዛበትም። የከበደህን ነገር ትይዛለህ፣ እሱኑ ትወግራለህ።

"እሱስ አለኝ" አልሁት።

ሰኔ 16

ጻፍሁ። ቤት ይመታል። ክንዱ ሲመጣ ቆሜ አነበብሁለት፦

መሸንቲ ገበያ እህሉ ሲጫን፣
ልጄን ጭነው ሄዱ ሳይሰናበተን።

ሌላም አለው። ክንዱ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ጋሽ ተክሌ... ሙሾ ነው እኮ።"

"ሙሾ ለሞተ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ሲያነቡት ደረትዎን እየመቱ ነው።"

እጄን አየሁት። እውነትም ደረቴ ላይ ነበር። "ምቱን እየያዝሁ ነው" አልሁት።

ሰኔ 17

ሙሾ አይደለም።

ሰኔ 22

ባንቺአየሁ ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብታ ተመለሰች። ፊቷ ልክ አይደለም። እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።

እዚያ አንድ ቁስለኛ ወታደር ይታጠብ ነበር። ከየት ነሽ ሲላት ከባሕር ዳር አለችው። የአለበልን ስም ብትጠራለት ከእሱ ጋር አንድ ሻምበል ውስጥ ነበርሁ አላት።

"ደኅና ነው ወይ አልሁት።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም። እጄን ሳመና ከውኃው ወጥቶ ሄደ። ገላውን እንኳ ሳያደርቅ።"

እጅ መሳም ምኑ ነው?

"አንተ ሰውዬ፣ እናልቅስለት። ሰው እንጥራ።"

"መርዶ ነጋሪ መጣ?"

"በዚህ ዘመን ማን ያረዳል? ቀበሌው እንደሁ አፉን ለጉሟል። የስንቱ ልጅ እንደወጣ ቀረ፣ የማን ቤት ተረዳ?"

"መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም። በቁሙ ልታለቅሽበት ነው?"

"ድንጋይ ነህ" አለችኝ። ልሁን። ልጄን በአንድ ቁስለኛ ዝምታ አልቀብርም።

ሐምሌ 2

ክንዱ ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ መስመሬ ረዝሟል። ረዥም መስመር ወደ ልቅሶ ይጎትታል። ሰበርሁት። ቤት መምታቱንም ተውሁት... ለእኔ ከባድ ነበር፣ ግን ተውሁት። ጠረጴዛውን እየደበደብሁ ዋልሁ። እንዲህ ወጣ፦

ጫኑት።
በጠራራ ፀሐይ ጫኑት።
እህል መሰላቸው።
አይሸጥም።
አይሰፈርም።
ሰው ነው።
መልሱት።

"መልሱት" ይመላለሳል። ማሽን ክር በጥሶ ባዶውን ሲመታ እንደሚለው።

ክንዱ አነበበና ተነሥቶ በሩን ዘጋው። "ይህን ዘፍነን የት እንደምናድር ያውቃሉ?"

"አንተ ምታ። የምጮኸው እኔ ነኝ።"

"ኸረ ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎንም ለሽምግልናዎ ብለው አይተዉዎትም።"

"ፈራህ?"

"አዎ።"

አልዋሸም። ደስ አለኝ። ያም ሆኖ ጊታሩን አነሣ።

ሐምሌ 8

መጨረሻው ቀርቷል። ክንዱ እንደሚለው እዚያ ላይ ቃል የለም፤ ጩኸት ብቻ። ቃል የሌለው ጩኸት የከብት ነው ብዬ ተከራከርሁት። "ካሴቶቹ ሁሉ ላይ አለ" አለ። አለ፤ ሰምቻለሁ። ሞከርሁ።

"ጋሽ ተክሌ፣ ይህ ዶሮ ማባረር ነው።"

እንደገና።

"አሁን ደግሞ ጉሮሮዎን የሚጠርጉ ነው የሚመስል።"

"አንተ አሳየኛ!"

ጮኸ። የጎረቤት ውሻ ማላዘን ጀመረ። ሁለታችንም ሳቅን። ባንቺአየሁ በመስኮት አየችን... በዚህ ቤት ከተሳቀ ቆይቷል።

ሐምሌ 12

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው።

ረፋድ ነው። ባንቺአየሁ ሚካኤል ለማስቀደስ ሄዳለች። ክንዱ ጓሮ ተቀምጦ መታልኝ። "መልሱት" እስኪያልቅ ደኅና ሄድሁ። ከዚያ ለመጨረሻው አፌን ከፈትሁ። የወጣውን አላውቀውም። ከጉሮሮዬ አልነበረም። ክንዱ ጊታሩን አቆመ፤ እኔ ማቆም አቃተኝ።

ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። መጀመሪያ የገባችው የሰፈሩ አልቃሽ አገርነሽ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። "ወየው አለበል! ወየው ያ ለግላጋ!" ግቢው በሰው ሞላ። "ዘፈን ነው! ዘፈን እየተማርሁ ነው!" አልኋቸው። ማን ይሰማኛል? "ራሱን ሳተ፣ ያዙት" ተባለ። ሁለት ጎረምሶች ግራ ቀኝ ያዙኝ። ክንዱ "እውነቱን ነው፣ ዘፈን ነው!" ቢል ገፍትረው አስወጡት።

ባንቺአየሁ ደረሰች። ጠየቀችኝ? አልጠየቀችኝም። ይህን ስትጠብቅ እንደነበረ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ተነሺ አንቺ ሴት። ማንም አልመጣም። መርዶ የለም።"

ይህን ስል ሣህሉ ገባ። ልቅሶውን ሰምቶ ከጽሕፈት ቤቱ ሮጦ ነው የመጣው። ማን ሞተ አላለም። ምን ሆናችሁ አላለም። ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ አገርነሽ ዞረና፣

"ማን ነገራችሁ?" አላት።

ያለቀሰ ሁሉ አፉን ያዘ።

"ምኑን?" አልሁት።

ቆቡን አወለቀ።

መርዶ ነጋሪዬ እሱ ሆነ። ሌላ አልመጣም።

"ልቀቁኝ" አልሁ። ለቀቁኝ። አገርነሽ ሙሾ አወረደች፣ እኔም ደረቴን መታሁ። ሣህሉ መቼ እንደወጣ አላየሁም።

ሐምሌ 13

ራሴን ተላጨሁ። ዝናቡ አላባራም፤ ድንኳኑ ያፈሳል።

ሐምሌ 29

ሣህሉ ሽማግሌ ላከ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። የልጄ መርዶ ከመጋቢት ጀምሮ በሣህሉ እጅ ነበር። "ሕዝብ አታስደነግጥ ተብዬ ነው የደበቅሁት" ብሏል አሉኝ።

"ይቅር ይበሉት ተክለ ጊዮርጊስ። ለነፍስዎ።"

"ነፍሴን ለእኔ ይተዉልኝ መሪጌታ።"

"እሺ፣ እሱ ራሱ መጥቶ ይናገር። መስማት ምን ይጎዳል?"

"አልሰማውም። እርስዎንም ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አልሰማዎትም።"

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ባንቺአየሁ በጓዳው በር ቆማ ነበር። ድንጋይ ነህ አላለችኝም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከሰዓት ክንዱ መጣ። ጊታሩን ለኪነት ቡድኑ መልሶ ወጥቷል።

"ጅል ነህ" አልሁት። "አሁን ያፍሱሃል።"

"ይሆናል። ወደ ደቅ ደሴት እሻገራለሁ፣ አጎቴ ዘንድ። ዘፈኑን ልያዘው?"

"ያዘው። በቃልህ ያዘው። እኔ ፊት ግን እንዳትመታው።"

ጉልበቴን ስሞ ሄደ። ያ ዘፈን ለመመለሻ ነበር የተጻፈው። የሚመለስ የለም።

ባንቺአየሁ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። ታልቅስ፣ እናት ናት። እኔ ግን ጨርሻለሁ። ለሣህሉ አላወራም፣ ለሽማግሌ አላወራም፣ እዚህ ደብተር ላይም አልጽፈውም። ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ዝናቡ እመልስለታለሁ። ስለ ልጄ ግን እስክሞት አንድ ቃል... የለም።