የጌትነት ራስ ዳነ አሉ

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ጥዋት 3 ሰ.

እንደገና በግራው። ከዓይኔ ሥር ተነሥቶ፣ በጆሮዬ ዞሮ፣ ማጅራቴ ላይ ሰፈረ። ሚስቴ ጥሩዓለም ግንባሬን በነጠላዋ ጫፍ ጥፍር አድርጋ አስራኛለች። ዳማከሴ ጨምቃ በአፍንጫዬ፣ ፌጦ በጥብጣ በአፌ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ወጣች። በቀዳዳው በምትገባ ብርሃን ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ከማታ ተማሪዎች ውስጥ በአንድ ዓይኑ የሚጽፍ ካለ ይምጣ። የለም።

መምህርታችን ረጅም ቃል በእዝባር ይቆረጣል ብላለች። ስለዚህ ራስ ምታት ከዛሬ ጀምሮ ራ/ም ነው። በሽታውን ማሳጠር ቢያቅተኝ ስሙን አሳጠርሁት።

አሁን ወደ ነገሬ። የጌትነት ራስ ዳነ አሉ።

ጌትነት ማለት እንደኔው ጀልባ ነጂ፣ እንደኔው የማታ ተማሪ፣ እንደኔው ባለ ራ/ም። ወደቡ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የሱ በቀኝ፣ የኔ በግራ። ጎን ለጎን ስንቀመጥ ከሁለታችን አንድ ጤነኛ ራስ ይወጣል እያልሁ ሰው አስቅ ነበር። የማን ይብሳል ብለን ስንፎካከርም የምረታው እኔ ነበርሁ። የሱ ያስተኛዋል፣ የኔ ያስመልሰኛል።

ባለፈው እሑድ ጠበሉ ቦታ ቆሞ ምስክርነት ሰጠ። እኔም ነበርሁ። ያ ሁሉ ዓመት ያሠቃየኝ ራስ ይኸው ብሎ ሲጀምር ሴቶቹ እልል አሉ። ሳይጨርስ ወጣሁ። ጓደኛህ ዳነ ሲሉህ ደስ ሊልህ ይገባል። ደስ አላለኝም። ይህን ለሰው አልናገርም፤ ላንተ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ማታ

ሄድሁ። ለጥሩዓለም እንኳ ሳልነግር፣ እሱ የተጠመቀበት ጠበል። ያው ውኃ፣ ያው አጥማቂ፣ የቆምሁበት ድንጋይ ሳይቀር ያው። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ራ/ም ግን ንቅንቅ አላለም። ስመለስ መንገድ ላይ አስመለሰኝ። ሰው ለቅበላ በግ እየጎተተ ያልፋል፣ እኔ አጥር ይዤ ቆሜአለሁ።

እግዜርን ማማረሬ አይደለም። ጥያቄ ነው። ጌትነት እኮ ቅዳሴ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። እርግጥ እኔም ለማየት ዞሬ ነበር።

ወደቡ ስደርስ ያለ ኮፍያ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ጀልባ እያጠበ ያንጎራጉራል። ሐይቁ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። እኔ በኮፍያ ላይ ፎጣ ደርቤ፣ በጣቶቼ መሐል ነው የማየው። አሁን ማንጎራጎሩን ምን አመጣው? ድሮም ድምፅ የለው።

እትዬ የሺ መጡ። የጀልባዎቹ ባለቤት ናቸው። የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ ሰውን ወደ ዘጌ የሚያደርሰውን ትልቁን ጀልባ ማን እንደሚነዳ ገና አልወሰንሁም አሉ። ትልቁን ጀልባ በየዓመቱ የምነዳው እኔ ነኝ። በዚያ ቀን የዘጌ ሰው በስሜ ነው የሚጠራኝ፣ መነኮሳቱ ሳይቀሩ። ግን ባለፈው ወር ዳር ያለው ደንገል ውስጥ የሰካሁትን ጀልባ አልረሱም። ብርሃኑ ዓይኔን መትቶኝ ነበር። የጫንኋቸው ቄሶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የወረዱ።

"ስማቸው፣ ጤነኛ ራስ ያለው ይነዳል። የሰው ነፍስ ነው የምንጭን" አሉኝ። ለኔ እየተናገሩ ዓይናቸው ጌትነት ላይ። እሱ አጎንብሶ ያጥባል። እኔ ባጎነበስሁ ቁጥር ጭንቅላቴ ሐይቁ ውስጥ የሚወድቅ ይመስለኛል፣ እሱ አጎንብሶ ያጥባል።

ሰኞ፣ የካቲት 9። ማታ 12 ሰ.

ጾም ገባ። በሌላው ይብለጠኝ፤ በጾም የሚበልጠኝ ወደቡ ላይ አልተወለደም። ሌላው እስከ 9 ሰ. ይጾማል። እኔ እስከ 11። ውኃም አልቀምስ። ማን አየህ ካልኸኝ፣ ሁሉም። እነግራቸዋለሁ እኮ።

6 ሰ. ላይ ጌትነት የሞተር ማስቀመጫው ጥላ ሥር ገብቶ ዳቦውን አወጣ። በመጀመሪያው ቀን፣ በጠራራ ቀትር። ሰው ሁሉ አየ፣ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዝም ማለት ደግሞ የኔ ሙያ አይደለም።

"ጌትነት፣ በሽታው ከራስህ ወርዶ ሆድህ ገባ እንዴ?" አልሁት።

ወደቡ በሳቅ ፈረሰ። ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ ጀሪካኑን ለቀቀው። ጌትነት ቀና ብሎ አየኝ፣ የጎረሰውን አኘከ፣ ወደ ዳቦው ተመለሰ። ጥሩ ቀልድ ነበር። የዓመቱ ቀልድ ነው ባይ ነኝ።

ቤት ስገባ ራ/ም በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሁለት ኪኒን ዋጥሁ። ትንሽ ቆይቼ ሌላ ሁለት። ድሮ አንዷ ትበቃኝ ነበር። አሁን በየቀኑ ስውጠው ለመደኝ መሰለኝ፤ እንደ ዘመድ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ጨለማ። ፊደሎቹ ይዋኛሉ። አጭር ነው የምጽፈው።

ጥሩዓለም ጌትነትን ጠይቀው ትላለች። አፍ አለህ አይደል፣ ለዚያውም ትልቅ። ብሞት አልጠይቅም። ሰው መዳኛውን ሲጠይቅ ምን ይመስላል? ለማኝ ይመስላል። ለዚያውም ጌትነትን፣ ከኔ በኋላ ፊደል የለየውን። (እሱ ከእኔ በፊት ነው የለየ። ግን የኔ እጅ ጽሑፍ ያምራል።)

ጉዱ አላለቀም። ገበያ ላይ የጌትነትን ሚስት አግኝታ ጠይቃ ኖሯል፣ ከጀርባዬ። ሴትዮዋ ምን አለች? "ራሱ ይምጣ፣ ጌትነት እየጠበቀው ነው።" እየጠበቀኝ ነው፣ እንደ ንጉሥ። ይጠብቅ። ጥሩዓለምን ሁለተኛ የቤቴን ራስ ገበያ እንዳታወጪ አልኋት። የቤቱ ራስ እኮ አሁን እኔ ነኝ፣ አንተማ ተኝተሃል አለችኝ። ብርድ ልብሱን ተከናነብሁ። መከናነቤ ከራ/ም ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 12። ቀን 8 ሰ.

ደብተሬ፣ ጉድ ልንገርህ።

የሰማዕታት ቀን ነውና ቢሮ ዝግ ነው፣ ወደቡ ሰው በሰው። 6 ሰ. ላይ ጌትነት እንደ ልማዱ ጥላው ሥር። እኔ ገመድ የምጠቀልል መስዬ ከኋላ። ዳቦ አወጣ። ከዳቦው ቀጥሎ ከኪሱ የኪኒን እሽግ። አንዷን ፈልፍሎ በውኃ ዋጠ።

በጠበል ዳንሁ ያለው ሰው ኪኒን ይውጣል።

ደስታዬን እንዴት ልጻፈው። ራ/ም እንኳ ለቀቅ አደረገኝ፤ እስከ ዛሬ ከሞከርሁት መድኃኒት ሁሉ ይሻላል። ውሳኔዬ ይህ ነው። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጥዋት፣ ሰው ሊሳፈር ሲሰለፍ፣ እትዬ የሺ ባሉበት፣ ጮክ ብዬ ጌትነት ኪኒንህን ውጠሃል ወይ እለዋለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። የቀረውን ሰው ይጨምርልኛል። መሪው ያኔ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም። እንደሆነው ልጻፈው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ከዘጌ እየተመለስሁ ነው። ትንሹ ጀልባ፣ ሙሉ ሰው። ከፊቴ ልጅ ያዘለች ሴት። እኔ ውኃ እንኳ ያልቀመሰ ሆድ ይዤ። የማውቀው ምልክት መጣ። ከውኃው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ብርሃን ይነሣና እየሰፋ ይሄዳል። ከዚያ ከሁሉም ነገር ግማሹ ጠፋ። ሴትዮዋ አለች፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ የለም። ከግራ የምትመጣ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ነበረች፤ ለኔ አልነበረችም። ሰው ጮኸ። መሪውን ወዴት እንደጠመዘዝሁት አላውቅም። ታንኳዋን ለጥቂት ሳትናት። ጀልባው ተንጋደደ፣ ውኃ ገባ፣ ልጁ አለቀሰ። ልጁ እንዳለ በልቅሶው አወቅሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ራሴን ይዤ ተቀመጥሁ፣ መሐል ሐይቅ ላይ።

የጌትነት ጀልባ ከኋላ ነበር። አስጠጋ፣ የራሱን መሪ ለረዳቱ ለቆ ወደኔ ዘለለ። አንድ ጊዜ አየኝና አወቀ። ያንን ፊት እሱም ያውቀዋል። ሰው ምን ሆኖ ነው ሲለው ሞተሩ አስቸግሮት ነው፣ አይዟችሁ አለ። ሞተሩ ምንም አልነካው። ሸራ በላዬ ጣለልኝ፣ ፎጣ አርጥቦ ዓይኔ ላይ አደረገ። ያን ሁሉ የቀናሁበት ሰው ጥላ ሠራልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሸራው ሥር ተኝቼም ቀናሁ። ወደቡን ሲነካ እንኳ አልተሰማኝም። እንደ ላባ።

ሰው ሲበተን ገብቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ኪኒንህን አይቻለሁ አልሁት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ከአፌ የወጣው ምስጋና ይህ ነው።

አልደነገጠም። "መቼ ደበቅሁት? የምስክርነቱ ቀን ተናግሬአለሁ እኮ" አለ።

ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ሐኪሟ ሳያመውም በየቀኑ የሚዋጥ፣ ከመምጣቱ በፊት የሚከላከል ኪኒን ሰጠችው። ሆድህን ባዶ አታቆይ፣ እንቅልፍህን በሰዓቱ አድርግ አለችው። የንስሐ አባቱ ደግሞ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዜር ነው፣ ሁለቱንም ያዝ ብለው እስከ 6 ሰ. እንዲጾም ፈቀዱለት። ይህን ሁሉ ጠበሉ ቦታ ቆሞ ተናግሯል። መጨረሻው ላይ። ያ ሁሉ ሰው ሰምቷል።

"አንተ ግን ወጥተህ ነበር። ጀርባህን አይቼዋለሁ" አለኝ።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። መልሼ አነሣሁት።

ታዲያ ስቀልድብህ ለምን ዝም አልህ አልሁት። የታመመ ሰው ቀልድ ነው ብዬ አለኝ። በየቀኑ ስለምውጠው ማስታገሻ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ሲደጋገም እሱ ራሱ ራስ ያሳምማል ብላኛለች ሐኪሟ አለ። ዳቦውን ለሁለት ገመሰ። አልቀበልም፣ እኔ እስከ 11 ነኝ አልሁ። ሳቀ። ዳቦውን ፎጣው ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ።

ሰኞ፣ የካቲት 16። ማታ 1 ሰ.

ገና ሳይነጋ ሰው ተሰልፏል። ነጭ በነጭ። እትዬ የሺ መጥተው ማን ይነዳል በሚል ዓይን ወደኛ ዞሩ። ጮክ ብዬ የምናገርበት ሰዓት ደረሰ። ድምፄን አውቀዋለሁ፣ ዘጌ ይሰማል።

ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ዓርብ ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ዓይኔ ነው የጠፋብኝ፣ ሰው ልጨርስ ነበር፣ መሪውን ለጌትነት ይስጡት አልሁ።

እትዬ የሺ አተኩረው አዩኝ። "በል ገመድ ያዝ" አሉኝ። መሪውን ጌትነት ያዘ።

እስከ ዘጌ ድረስ ቀናሁ። ስንመለስም ቀናሁ። ሰው በስሙ ሲጠራው ገመዱን ጨምድጄ ያዝሁ። የማያስፈልገውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስለው ዋልሁ፤ እሺ፣ እሺ ይለኛል። እሺታውም ያናድዳል።

የንስሐ አባቴ ጀልባው ላይ ነበሩ። ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው።

"እስከ 11 ጹም ብሎ ማን አዘዘህ?" አሉኝ።

ማንም አልሁ።

"ታዲያ ለማን ነው የጾምኸው፣ ልጄ?"

ወደ ጌትነት ላለማየት ውኃውን አየሁ። ውኃው ያብለጨልጫል፤ ዓይኔን ጨፈንሁ። እስከ 6 ሰ. ይበቃሃል፣ ሐኪም ዘንድም ሂድ አሉኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19። 6 ሰ.፣ ወደቡ

ትናንት ከጌትነት ጋር ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሟ እሱን በስሙ ጠራችው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው። ይህንንም ቻልሁት። ራሴን ከሥር እስከ ጫፍ ተረክሁላት፣ መጋዙን፣ የሚጠፋውን ግማሽ፣ ማስመለሱን። ትንሽ ጨመርሁበት። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኋት።

"ማይግሬን ነው። የተለመደ ነው" አለችኝ።

የተለመደ። ይህን ያህል ዘመን የተሸከምሁትን ራስ፣ የተለመደ። ጌትነት ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው በሳቅ ይርገፈገፋል።

ማስታገሻውን በየቀኑ መዋጥ ልተው ነው። መከላከያው ኪኒን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ በአንድ ጊዜ እድናለሁ አትበል አለችኝ። ለጌትነት ስንት ሳምንት ፈጀበት አልኋት። አልነገረችኝም። ስንትም ይሁን፣ እኔ ከሱ ባነሰ እጨርሰዋለሁ።

አሁን ቀትር ነው። ደብተሬ፣ ጉልበቴ ላይ ነህ፣ ጥሩዓለም የጠቀለለችው ዳቦ አጠገብህ። ሰው ሁሉ አለ። ተነሥቼ ወደ ሞተር ማስቀመጫው ጥላ ስሄድ ወደቡ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ገና ከመቀመጤ ነዳጅ ቀጂው ከወዲያ፦

"ስማቸው፣ በሽታው ከራስህ ወርዶ ሆድህ ገባ እንዴ?"

የራሴ ቀልድ። እንደ ፊተኛው ሳቁ፣ እንዲያውም በለጠ። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ አነጋገሩን ግን አበላሸኸው አልሁት።

ጌትነት ብቻ አልሳቀም። ጥላው ለሁለት ሰው ይጠባል፤ ብድግ ብሎ ወደ ፀሐዩ ወጣና ለኔ ለቀቀልኝ። ያለ ኮፍያ፣ ሐይቁን ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ። በዚህም ቀናሁ። ዳቦዬን አወጣሁ። ለሁለት ገመስሁት። እኩል አልተገመሰም። ትልቁን ግማሽ ለጌትነት ዘረጋሁለት።